የቦንሃም እግር

ስቱዲዮ አዲስ ለሚገባ ልጅ የሚሰጠው ሥራ የሙዚቃ ሸክላ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። ለእኔም የደረሰኝ እሱ ነበር። አንድ ቀን አንድ አዛውንት የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የሌድ ዜፔሊንን ሦስተኛ አልበም በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ፤ ያ ሽፋኑ ውስጥ ክብ ካርቶን ያለበት፣ ሲያዞሩት በቀዳዳዎቹ በኩል ሥዕሉ የሚለዋወጠው። «ፍላሽ ላይ አድርግልኝ፣ መኪና ውስጥ ልስማው» ብለው ሄዱ።

የመጀመሪያው ፊት አራተኛ ዘፈን ከሰባት ደቂቃ በላይ የሚሄድ ዝግ ያለ ብሉዝ ነው። መሣሪያዎቹ ረገብ ሲሉ ከሥር ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። ማጫወቻውን ጠረጠርኩ። ፈታሁት፣ ዘይት አስነካሁት፣ ጎማውን ቀየርኩ። ሲጥ። ወንበሬንም ቀየርኩ። ሲጥ። ድምፁ ያለው ሸክላው ላይ መሆኑ ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ ማጽዳት እችልበታለሁ ባይ ነበርኩ። ሁለት ሌሊት ሙሉ ስንዴ እንደሚለቅም ሰው አንድ በአንድ ለቅሜ አወጣሁት።

«ጋሼ፣ ያንን ሲጥሲጥታ አጥፍቼልዎታለሁ» አልኳቸው፣ ጉርሻ ቢጤም እየጠበቅሁ።

«የቱን?»

አሰማኋቸው። ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የኔ ልጅ፣ እሱ እኮ የቦንሃም እግር ነው።»

ለካስ የባንዱ ድራም መቺ ቦንሃም በእግሩ የሚረግጠው የባስ ድራም ፔዳል ኖሯል፤ ሲቀረጽ ሲጥሲጥ ይል የነበረው።

«ሰውየው በፈረንጅ 1980 ሞተ። እኔ ቤት እግሩ ቀርታልኝ ነበር፣ አንተ ቆረጥካት።»

ከዚያ አስቀምጠው አስተማሩኝ። ጊታር ተጫዋቹ ፔጅና ዘፋኙ ፕላንት በ1970 ዌልስ ውስጥ መብራት የሌለበት ጎጆ ገብተው ዘፈን ሲሠሩ እንደከረሙ፣ ሁለተኛው ፊት በአኮስቲክ ጊታርና በገጠር ዜማ የተሞላው ለዚህ እንደሆነ፣ ጩኸት የለመደው ጆሮ ያኔ ግር እንዳለው። የአንዱ ዘፈን መግቢያ ደግሞ ስቱዲዮ ውስጥ በስህተት ተሰርዞ፣ ከሱ በፊት ያለውን ዘፈን በሲንተሳይዘር ድምፅ አስረዝመው ነው ያገናኙት። «እነሱ ስህተታቸውን ይዘው ወጡ፣ አንተ ታርምላቸዋለህ?»

አለቃዬ በነፃ አስደገመኝ። በሩ ላይ «ጥርት ያለ ድምፅ» ብሎ የለጠፈው እሱ ራሱ ነው፤ ያን ቀን ግን ደንበኛው ፊት «ሙዚቃ ነፍስ አለው፣ ነፍሱን አትንካ» ሲል መከረኝ።

ምክሩን ያዝኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ መሲንቆ ስንቀርጽ የተጫዋቹ ወንበር ተንቋቋ፤ እኔም ነፍስ ነው ብዬ ተውኩት። ዘፋኟ «ለወንበር ነው እንዴ የከፈልኩት?» ብላ ተነሣች። አለቃዬም ከእሷ ጋር ተነሣ።

ያ ያጸዳሁት ቅጂ ዛሬም ኮምፒውተሬ ላይ አለ። አዛውንቱ እውነታቸውን ነው፣ ዘፈኑ ከነሲጥሲጥታው ይሻላል። ግን ሰባቱን ደቂቃ ሰምቶ የቆረጥኩበትን ቦታ የሚያገኝ ካለ ይምጣና ያሳየኝ።