«ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው»

ዛሬ ከሰዓት ጠባሴ አንድ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከአክስቴ ልጅ ጋር የሥራ ማመልከቻ ስናጽፍ ዋልን። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ደርቤም ጣቴ አልታዘዝ ብሎኛል።

ጸሐፊዋ ምንም ሳትጠይቅ ኮምፒውተሯ ላይ ያለውን ከፈተች። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በሙያዬ አገሬን ለማገልገል...» ስም ብቻ ቀይራ ልታትመው! የፊተኛው አመልካች ሙያ እንኳ አልጠፋም። አካውንቲንግ የተመረቀች ልጅ በነርስነት ልታመለክት ነበር። ሳቅን፤ ግን ስንቱ ይሆን ሳያነበው ይዞ የሄደ?

«ቆይ እስቲ» ብዬ ማስታወቂያውን አነበብነው። የሚፈልጉት ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ መዝገብ ሶፍትዌር የሚችል የሂሳብ ሠራተኛ ነው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ለልምምድ በወጣችበት መሥሪያ ቤት ሁለት ወር ሙሉ በፒችትሪ ደረሰኝ ስትመዘግብ ነበር።

«ይኼን ለምን አልጻፍሽውም?»

«ጋሼ ደግሞ፣ እሱም ሥራ ሆኖ ነው?»

ሥራ እንጂ! የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስገባነው። የሥራ መደቡንና የማስታወቂያ ቁጥሩን ርዕሱ ላይ አደረግን፤ ሁሉም ግማሽ ገጽ አልሞላም። «ታታሪና ታማኝ» የሚለውን ሰረዝኩት፤ የሠራችው ይናገርላት ብዬ። አኩርፋ «ታማኝ»ን መለሰችው። ይሁን።

ነገ ጠዋት ከዲግሪዋ ኮፒ ጋር ታስገባለች።