«ዱካክ ነው እንጂ እብደት አይደለም»፦ ጫትን ሳጠና ቃሚዎች ያስተማሩኝ

የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲዬን ስጨርስ ስለ ጫት የማውቀው መጽሐፍ ላይ ያለውን ብቻ ነበር። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉ ኬሚካሎች እንዲለቀቁ ያደርጋል፤ አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ይመሳሰላል፤ አብዝቶ የሚቅም ሰው ሊጠራጠር፣ የሌለ ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ይህንን ይዤ ነው ቡታጅራ የወረድኩት።

ቡታጅራን የመረጥኩት በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው፣ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ቤት ለቤት የጠየቀው ጥናት የተሠራው እዚያ ነው። ከተጠየቁት ግማሾቹ በወቅቱ ይቅሙ ነበር፤ ከቃሚዎቹ 80 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ለጸሎት ልባቸውን ለመሰብሰብ እንደሚቅሙ ተናግረዋል። እኔ መጨመር የፈለግኩት የመጠኑን ነገር ነው። ሰው ምን ያህል ሲቅም ነው ጤናው የሚታወከው?

ስለዚህ መጠይቁ ላይ «በቀን ስንት ዙርባ ይቅማሉ?» የሚል ጥያቄ አስገባሁ፤ ዙርባ ጫት የሚሸጥበት እስር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት የኩሽና ሚዛን ይዤ በርጫው መሐል፣ ሰዎች አብረው ከሚቅሙበት ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዎች «አንድ ዙርባ» ብለው የመለሱልኝን ብመዝነው የአንዱ ከሌላው እጥፍ በላይ ሆነ። አንደኛው ደግሞ ቀንበጡን ብቻ እየቀነጠሰ የቀረውን ገራባ ብሎ ሲተወው፣ ጥግ የተቀመጠ ልጅ ያንኑ ለቃቅሞ መቃም ጀመረ። ይህ ልጅ ጠዋት ለመረጃ ሰብሳቢያችን «ጫት ገዝቼ አላውቅም» ብሎ ስለነበር ቅጹ ላይ የተመዘገበው «አይቅምም» ተብሎ ነው።

ናሙና ስሰበስብም እንዲሁ። ቅጠሉን በወረቀት ከረጢት አድርጌ፣ አድርቄ ወደ አዲስ አበባ ልወስደው ስል የሸጠችልኝ ሴት «ነገ እኮ እንጨት ነው የሚሆነው» አለችኝና ውኃ ረጭታ በኮባ ጠቀለለችልኝ። ልክ ነበረች፤ ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ እጅግ ደካማ ወደሆነው ካቲን ይለወጣል። ኬሚስቶች የደረቀ ቅጠል ሲመረምሩ ኖረው ዋናው ንጥረ ነገር ካቲን ነው ይሉ ነበር። ካቲኖን የተለየው እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ፣ ከትኩስ ቅጠል ነው።

ትልቁ ስህተቴ ግን «ሌሎች የማያዩትን ነገር አይተው ያውቃሉ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ከውጭ መጠይቅ በጥንቃቄ አስተርጉሜዋለሁ ብዬ አምን ነበር። ሰዎች «አዎ» ሲሉ የከባድ የአእምሮ ሕመም ምልክት ብዬ መዘገብኩ። ቁጥሩ ሲንር አልተጠራጠርኩም፤ እንዲያውም ትልቅ ግኝት ላይ የደረስኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ሽማግሌ ምን ብዬ እንደጻፍኩ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው።

«ልጄ፣ ይሄማ ዱካክ ነው እንጂ እብደት አይደለም» አሉኝ። «ሳልቅም የዋልኩ ቀን ሌሊት መጥቶ ደረቴ ላይ ይቆማል። ስቅም ይሄዳል። ይሄ እብደት ከሆነ እዚህ መንደር ጤነኛ የለም በያ!»

ዱካክ የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቅጹ ላይ ቦታ ስላልሰጠሁት ብቻ ግን ሲነግሩኝ አልሰማሁትም። ዱካክ ጫት ሲቋረጥ በእንቅልፍ ውስጥ የሚመጣ አስፈሪ ነገር ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ነቅቶ ድምፅ ከሚሰማ ሰው ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አይገባም። ጥያቄውን ለሁለት ከፈልነው፦ ተኝተው ነው ወይስ ነቅተው? በቃሙበት ቀን ነው ወይስ ባልቃሙበት? ከዚያ «አዎ» ወዳለው ሰው ሁሉ ቤት ተመለስን። ወራት ፈጀብን፤ ገንዘቡም አለቀ። ግን የተሳሳተውን ቁጥር አሳትሜ ቢሆን ኖሮ ጤነኛ ሰዎችን በሽተኛ ብዬ ነበር፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ሐራራ (የጫት አምሮቱ)፣ ምርቃና (ሲቃም የሚመጣው መነቃቃት)፣ ዱካክ፣ ጨብሲ (ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ) አሁን መጠይቃችን ላይ በስማቸው ተጽፈዋል። ጨብሲን ለብቻው ባልጠይቅ ኖሮ ምርቃናውን ለመስበር ማታ ማታ የሚጠጣውን ሰው ሕመም ሁሉ በጫት ላይ እጭነው ነበር።

ጋዜጠኛም ባለሥልጣንም የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ጫት ያሳብዳል ወይ?» የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2006 መርምረው ጫት በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ይግባ አላሉም፤ ብሪታንያ በ2014 ከለከለችው። እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው፦ አብዝቶ መቃምና ከባድ የአእምሮ ሕመም አብረው ይታያሉ፤ የትኛው እንደቀደመ ግን ሰውን አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ ማወቅ አይቻልም።

ቅደም ተከተሉን መፈለግ የጀመርኩት በአንዲት እናት ምክንያት ነው። ልጃቸውን ክሊኒክ ይዘው መጥተው «ጫቱ ነው ያሳበደብኝ» አሉኝ። ወረቀት ላይ ረጅም መስመር አሰመርኩና ዓመቱን በበዓላቱ ከፈልኩት፤ መስቀል፣ ረመዳን፣ አረፋ። መቼ ነው እንቅልፍ ያጣው? መቼ ነው ከጓደኞቹ የራቀው? መቼ ነው ብቻውን ማውራት የጀመረው? ቀኑን ሙሉ መቃም የጀመረውስ? እናትየው ጣታቸውን መስመሩ ላይ እያስኬዱ መለሱልኝ። ቤት መዝጋቱንና ብቻውን ማውራቱን ከመስቀል በፊት አስቀመጡት። ቀን ሙሉ መቃሙ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው አረፋ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ መስቀል መለሱትና ዝም አሉ።

«እኔ እኮ ጫቱን ብቻ ነበር የምቆጣው» አሉ።