የሰልባጅ ጃኬቴና የሳነቴ ዝናብ

እኛ አገር፣ መንዝ፣ ክረምት የሚወጣበት ቀን ይታወቃል። ደመራው ከተቃጠለ በኋላ የሚመጣ ዝናብ እንግዳ ነው፤ ገበሬው ይቆጣዋል። ባሌ ግን ዝናቡ እስከ ጥቅምት አይለቅም። ይህን እያወቅሁ ነው በመስቀል ማግስት ብስክሌቴን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ የተነሳሁት። የባሌን ተራራ ለማየት ጓጉቼ ነበር። ከዚያ እኩል ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ስፈልገው የከረምኩትን ጃኬት እውነተኛ ዝናብ ላይ ልፈትነው እፈልግ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ ላይ ነው። አዲስ ጃኬት ከነወረቀቱ በ6,500 ብር ገዛሁ። ሻጩ የውሃ ኮዳ ከፍቶ እጅጌው ላይ ሲያፈስበት ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ፤ አመንኩት። የዚያኑ እሁድ እንጦጦ ፓርክ ውስጥ ብስክሌት እየነዳሁ ባህር ዛፉ መሃል ዶፍ ያዘኝ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ቀዝቃዛ ውሃ በትከሻዬ በኩል ሲገባ ተሰማኝ። ቤት ገብቼ ጃኬቱን ገልብጬ ሳየው ስፌቱ ላይ ከውስጥ በኩል ምንም የተለጠፈ ነገር የለም። ጨርቁ ውሃ አያሳልፍም፤ መርፌ የበሳው ቀዳዳ ሁሉ ግን ያሳልፋል። ሻጩ ያፈሰሰው እጅጌው መሃል ላይ ነበር፣ ስፌት በሌለበት። ልመልስለት ብሄድ አልቀበልም አለኝ። ያ ብር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ግማሽ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ጃኬቱ ላይ 10,000 ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር ካለ፣ አሥር ሜትር ቁመት ያለው ውሃ ቢጫነው እንኳ ጨርቁ ይችላል ማለት ነው። ለእግር ጉዞም ለብስክሌትም ይበቃል። ግን ቁጥሩ የጨርቁ ብቻ ነው። ስለ ስፌቱ፣ ስለ ዚፑ፣ ስለ አንገቱ የሚነግረን ነገር የለም።

ለሌላ አዲስ ጃኬት አቅም ስላልነበረኝ መርካቶ ሰልባጅ ወደሚሸጥበት ገባሁ። ሦስት ቅዳሜ ተመላለስኩ። ሰልባጅ ላይ የተጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ታጥቦ ጠፍቷል፤ ስለዚህ የሚታመነው እጅና ዓይን ነው። እያንዳንዱን ጃኬት ገልብጬ የስፌቱን ልጣፍ በጥፍሬ ሞከርኩት። ቀድሞ የሚላቀቀው ቆቡና ትከሻው ላይ ያለው ነው። ቀጥዬ የውስጡን ቅብ በአውራ ጣቴ አሸሁት። እንደ ፎሮፎር የሚረግፍ ወይም የሚያጣብቅ ከሆነ ቅቡ አርጅቷል፤ ተሰቅሎ ብቻ ቢኖርም ያረጃል። ይህ የደረሰበትን ጃኬት ምንም ልብስ ሰፊ አያድነውም። ካማረኝ ደግሞ ለብሼው የብስክሌት መሪ እንደያዝኩ ሆኜ እጎነበሳለሁ። ቆሜ ልክ የሆነ ጃኬት ስጎነበስ ወገቤን ካጋለጠና እጅጌው ወደ ክርኔ ከሸሸ ለእግር ጉዞ እንጂ ለብስክሌት አይሆንም።

ጥቁር አረንጓዴውን ያገኘሁት በሦስተኛው ቅዳሜ፣ አንድ ሽማግሌ ቦንዳ ሲፈቱ ነው። ኋላው ረዘም ያለ ነው። ኪሶቹ ከፍ ብለው የተሰፉ ስለሆኑ የቦርሳዬ ቀበቶ አይዘጋቸውም። ከሁለቱም ብብት ሥር የሚከፈት ዚፕ አለው። «ልጄ፣ ገልብጠሽ እንደምታዪው ሌላው ሰው ቢያይ እኔም ደህናውን ለይቼ አመጣ ነበር» አሉኝና በርጩማ ሰጡኝ። 3,500 ብለው በ2,400 ተስማማን። የአንደኛው ብብት ዚፕ ይነክስ ስለነበር ለልብስ ሰፊ 150 ብር ጨመርኩ።

ብብት ሥር የሚከፈት ዚፕ ለምን ያን ያህል እንዳስደሰተኝ ልንገራችሁ። አባቴ በግ ሲጠብቅ የሚለብሰው ገሳ ነበረው፤ ከጓሳ ሣር የተሠራ። ሣሩ እንደ ጎጆ ክዳን ቁልቁል ተደራርቦ ስለሚታሰር ዝናቡ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ከሥርና ከፊት ግን ክፍት ነው፣ ነፋስ ይገባል። አባቴ ቀኑን ሙሉ ዳገት ወጥቶ ወርዶ ገሳውን ሲያወልቅ ጀርባው ደረቅ ነበር። ያ የሰኔው ጃኬት ዝናቡን ባያስገባ ኖሮ እንኳ በራሴ ላብ ያርሰኝ ነበር።

ቤት ወስጄ በጥቂት ሳሙና አጠብኩት፣ ሦስቴ በንጹህ ውሃ አለቀለቅሁት፣ ማለስለሻ አልነካሁትም። ሲደርቅ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጌበት ለብ ባለ ካውያ ተኮስኩት። ውሃ የሚያንከባልለው የላይኛው ቅብ በሙቀት ይነቃል። ከመተኮሱ በፊት ውሃ ጠብ ሳደርግበት ጨርቁ ይጠጣው ነበር፤ ከተኮስኩት በኋላ ተንከባለለ። ማጀቴ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ።

መንገዱን አላወራውም፤ አዳማ፣ አሰላ፣ በቆጂ እያለ ቀኑ አለቀ። ያበሳጨኝን ግን እናገራለሁ። የብስክሌቱን ጭነት አዲስ አበባ ላይ 500 ብር ከፍዬ ነበር። ዶዶላ ስንደርስ ረዳቱ «ቦታ ይዟል፣ ሌላ 500» አለ። እኛ ጋ በግ ሲጫን እንኳ ዋጋ የሚቆረጠው አንዴ ነው! አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ጣልቃ ገብተው በ200 አስታረቁን። ከፈልኩ፤ ደስ ግን አላለኝም።

ዲንሾ አንድ ቀን ውዬ የፓርኩን መግቢያ ከፈልኩ፣ አስጎብኚ ያዝኩ፣ የደጋ አጋዘኖቹን ከቅርብ አየሁ። በማግስቱ ጎባ አደርን። የጎባው ክፍል 450 ብር ነበር። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲበረታ ጣሪያው ትራሴ ላይ ማንጠባጠብ ጀመረ። አልጋውን ብጎትት ሌላ ቦታ ያንጠባጥባል። ብርድ ልብሱ ረጠበ። ጃኬቴን ለብሼ፣ ቆቡን ደፍቼ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ነጋልኝ። ጠዋት ሂሳቡን ሲቀበሉ ይቅርታ እንኳ አላሉኝም።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ወደ ዶሎ መና የሚሄድ አይሱዙ ብስክሌቱንም እኛንም ሳነቴ አምባ ላይ አወረደን። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል በጉም ውስጥ እንደ ሰው ቆሟል። ብስክሌቱን እየገፋሁ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ 4,377 ሜትሩ ጫፍ፣ የሚያወጣውን የመኪና መንገድ ያዝን። ገና ሩብ ሰዓት ሳንሄድ ላብ ጀመረኝ። ብብቱን ከፈትኩ፣ ሹራቤን አውልቄ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። ወዲያው ቀለለኝ። ዳገት ላይ ከጃኬቱ ሥር ወፍራም ነገር መልበስ ጃኬቱን ከንቱ ማድረግ ነው፤ ሲቆሙ ነው የሚደረበው።

ጫፉ ላይ ከጉም በስተቀር ያየነው የለም። ስንወርድ በረዶ ወረደ፣ ከዚያ ዝናብ፣ ከዚያ እንደገና በረዶ። አስጎብኚዬ የጥጥ ካፖርቱ ላይ ላስቲክ ደርቦ ነበር፤ ነፋሱ ላስቲኩን ቀደደውና ካፖርቱ ውሃ ጠጥቶ ከበደው። በዚህ መሃል ክንዴን ያዝ አድርጎ «እህቴ፣ እዚያ» አለኝ። ቀይ ቀበሮ። የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አጎንብሶ፣ በረዶው ጀርባው ላይ እየወረደ፣ ቅንጣት አልተነቃነቀም። በዓለም ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ነው፤ እኔ ደግሞ በልጅነቴ መንዝ፣ ጓሳ ላይ ከአባቴ ጋር አይቼዋለሁ። ቆቤን አውልቄ ቆምኩ። ዝናቡን ረሳሁት።

ወደ ሪራ መንደር የሚወርደውን ጠመዝማዛ ብቻዬን በብስክሌት ወረድኩ፤ አስጎብኚው በመጣ መኪና ተከተለኝ። እዚህ ላይ የጃኬቱ ረጅም ኋላ ዋጋውን አሳየኝ፦ ጎማው የሚረጨው ጭቃ ወገቤ ላይ አልደረሰም። ቆቡን ከሄልሜቱ ሥር አድርጌው ነበር፤ ከላይ ቢሆን ነፋስ እንደ ሸራ ይነፋውና ጎን አያሳይም። ያልቻለውም አለ። የቦርሳዬ ማንገቻ የሚያሸው ትከሻዬ ላይ ጨርቁ ውሃ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ውሃው ባይገባም ላቤ መውጫ አጥቶ እዚያ ቦታ እርጥብ ነበርኩ። የግራ እጅጌውን ጫፍ አጥብቄ ባለማሰሬም እስከ ክርኔ ውሃ ገባ። ጣቶቼ ፍሬን መያዝ እስኪያቅታቸው ደነዘዙ፤ ጓንት አልያዝኩም ነበር። የአስታው ደን ውስጥ ስገባ ነፋሱ ተወኝ።

ሪራ አንዲት እናት ደጃቸው ላይ ቆመው ሲያዩኝ በእጃቸው ጠሩኝ። አማርኛቸው ጥቂት ነው፣ ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። እሳት ዳር አስቀመጡኝ፣ ካልሲዬን ራሳቸው አውልቀው ዘረጉት። ጃኬቱን ከምድጃው በላይ ሊሰቅሉት ሲሉ የስፌቱ ልጣፍ በእሳት እንደሚላቀቅ በምልክት አስረዳኋቸው፤ ከበሩ አጠገብ ሰቀሉት። ከሀረና ደን የመጣ ቡና አፈሉልኝ፣ ማር አቀረቡልኝ። ገንዘብ ላውጣ ስል እጄን መልሰው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት። እንደዚያ ያለ ቡና እናቴ ቤት ካልሆነ ጠጥቼ አላውቅም።

አስጎብኚዬ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲደርስ ይንቀጠቀጥ ነበር። ካፖርቱን ሲጨምቁት ከሥሩ ውሃ ተጠራቀመ። የደረቀውን ጃኬቴን ደርቦ ሲቀመጥ ስፌቱን ገልብጦ አየው፣ በጣቱ ተከተለው፣ ዋጋውን ጠየቀኝ። ስነግረው አላመነም፤ እሱ በየቀኑ እዚህ ላይ የሚወጣ ሰው ነው። የትከሻውን ስፋት በስንዝሬ ለካሁ።

ባለፈው ቅዳሜ መርካቶ ወጣሁ። ሽማግሌው አስታወሱኝ፣ በርጩማውን አቀረቡልኝ። ለአስጎብኚዬ ልክ የሚሆኑ ሁለት ጃኬቶች አገኘሁ። የአንደኛው ልጣፍ ቆቡ ላይ ተነስቷል፤ ተውኩት። ሌላው ሰማያዊ ነው፣ ዚፑ ጤነኛ፣ ውስጡ ንጹህ፣ 2,300 ብር። አጥቤ ተኮስኩትና፣ ጓንት ኪሱ ውስጥ ጨምሬ፣ ማክሰኞ ጠዋት በሮቤ አውቶቡስ ላኩለት።