ዛሬ ማምሻውን ያየሁት ስብሰባ

ዛሬ ማምሻውን አንድ ወዳጄን አጅቤ፣ እዚህ ሜሪላንድ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በተካሄደ፣ ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ የሚፈልጉ ሰዎች ሙሉ ስማቸውን ሳይገልጡ በሚረዳዱበት በአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ማኅበር ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር (የምጽፈው በፈቃዱ ነው)። እኔ መግባት የቻልኩት ስብሰባው ለማንኛውም ሰው ክፍት ስለነበረ ሲሆን፣ ዝግ የሚባሉት ግን መጠጥ ለመተው ለሚፈልጉ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 በኦሃዮ፣ አክረን ከተማ የተመሠረተው ይህ ማኅበር ለአባልነት የሚጠይቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎትን ብቻ ነው፤ የአባልነት ክፍያ የለውም፤ የመዋጮው ቅርጫት ሲዞርም አዲስ መጪዎች ምንም እንዳይጥሉ ተነገራቸው።

ተናጋሪው የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ጠርቶ ያለፈበትን ሲያወጋ ማንም አላቋረጠውም፤ የመከረውም አልነበረም። ለቅሶ ቤት እንኳ ተቀምጠን ምክር ለምናዥጎደጉድ ለእኛ ይህ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። ወዳጄ ተራው ሲደርስ «ዛሬ ባዳምጥ ይሻለኛል» ብሎ አለፈ፤ ምክንያቱን የጠየቀው የለም። በኋላ ቡና በወረቀት ኩባያ እየተጠጣ ሳለ፣ ከመጠጥ ከራቁ ዓመታት ያስቆጠሩ አንድ አዛውንት ስልካቸውን ጽፈው ሰጡትና፣ መጠጥ ባማረው ሰዓት ሌሊትም ቢሆን እንዲደውልላቸው ነገሩት። ሁሉም በሚተዋወቅበት የሐበሻ ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ስምን የሚሰውር እንዲህ ያለ ቦታ ያስፈልገናል እላለሁ። መሄድ የሚፈልግ ሰው በአካባቢው ያለውን የስብሰባ ሰዓት አይቶ፣ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን አረጋግጦ መግባት ነው፤ ቀጠሮ አያስፈልገውም።