«ምች ነው» እያላችሁ ሁለት ቀን አታሳልፉ

ኅዳር 12 ቀን አዲስ አበባን የምናጥናት በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን በመታው «የኅዳር በሽታ» ሰበብ ነው። ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው የዳኑበት፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ማለት ነው። ኢንፍሉዌንዛ ነፍሰ ጡርን ከሌላው ሰው ይበልጥ ይጎዳል። በዚያው ወረርሽኝ አሜሪካ ውስጥ ከተመዘገቡ 1,350 የታመሙ ነፍሰ ጡሮች ግማሽ ያህሉን የሳንባ ምች ያዛቸው፤ ከነዚህም ከግማሽ በላይ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኤች ዋን ኤን ዋን የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ሲነሳም እዚያው አገር ነፍሰ ጡሮች ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ሆነው ሳለ ከሟቾቹ 5 በመቶ ነበሩ።

አንዱ ምክንያት ቦታ ማነስ ነው። ማሕፀን ሲያድግ ድያፍራምን (ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ) እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ይገፋል። ተነፍሶ ሳንባ ውስጥ የሚቀረው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል፤ የኦክስጅን ፍላጎት ግን በዚያው ልክ ይጨምራል። በዚያ ላይ ከተማችን ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ነች። ስለዚህ ጠዋት «ትንሽ አሞኛል» ያለች ሴት ማታ ትንፋሽ ሊያጥራት ይችላል። አደጋው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ይብሳል፤ ከወለደች በኋላም 2 ሳምንት ይቆያል። አራስ ጠያቂ ሁሉ እያገላበጠ የሚስመው በዚሁ ጊዜ መሆኑ ያሳዝናል። የሚያስል ሰው ገንፎውን ሌላ ቀን ይብላ።

የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ መድኃኒቱ ኦሰልታሚቪር ነው፦ 75 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ለ5 ቀን፣ በሐኪም ትእዛዝ። የላቦራቶሪ ውጤት አይጠበቅም። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ በሁለት ቀን ውስጥ ከጀመሩት ነፍሰ ጡሮች ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡት ከመቶው 9 ያህሉ ሲሆኑ፣ ከ4 ቀን በኋላ ከጀመሩት ግን ከግማሽ በላይ ገብተዋል። እኛ ዘንድ እነዚያን ሁለት ቀናት የሚበላው ዳማከሴ ነው፤ «ምች» የተባለው የሳንባ ምች ሆኖ ይገኛል። ሌላው ቀን አባካኝ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ የሚገዛ አሞክሳሲሊን ነው፤ የባክቴሪያ መድኃኒት ስለሆነ ቫይረሱን አይነካውም። ጤና አዳምና ፌጦ ደግሞ ለነፍሰ ጡር ጭራሽ አይሰጥም።

ትኩሳቱን ማብረድ ግዴታ ነው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፦ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያለ ሐኪም አይወሰዱም።

እቤት የጣት ኦክስጅን መለኪያ ካለ የጥፍር ቀለምና ሂና ያሳስቱታል፤ ጣቷም ይሙቅ። ከ95 በመቶ በታች ካነበበ፣ በደቂቃ ከ24 ጊዜ በላይ ከተነፈሰች፣ ደረቷን ከወጋት ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ሳይነጋ ሐኪም ቤት ትሂድ። ለተረኛ ሐኪሞች አንድ ነገር፦ በነፍሰ ጡር ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተፈጥሮው 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው። 40 ካያችሁ «ደህና ነው» አትበሉ፤ ለመተንፈስ አቅም እያጣች ነው።

አምቡላንስ ለመጥራት 907 ደውሉ። እስኪመጣ ጀርባዋን ደግፋችሁ ቀና አድርጓት፣ ወደ ግራ ጎኗም ዘንበል ትበል፤ በጀርባዋ ግን አታስተኟት።