አምስት ቀን ከዋኖሶች ጋር

ገጠር የወረድኩት ለወፍ ብዬ አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ከርሜ የአምስት ቀን እረፍት አገኘሁ። የጓደኛዬ አክስት «ጓሮ ያለችው ክፍል ባዶ ናት፤ መጥተህ እረፍባት» ብለው ላኩብኝ። አውቶቡሱ ዋናው መንገድ ላይ አወረደኝ፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት መጽሐፍ ነበር። አንዱንም አልገለጥኩም።

በመጀመሪያው ቀን ገና ሳይነጋ አንድ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። አምስት ወይም ስድስት አጫጭር ድምፆች ናቸው። መሃል ላይ ትንሽ ከፍ ይሉና ወደ መጨረሻው ይወርዳሉ። አንድ ሰው አፉን በእጁ ይዞ የሚስቅ ይመስላል። መስኮቱን ከፈትኩ። ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ካለ ዛፍ ላይ፣ ባላው መሃል፣ አንዲት ትንሽ ርግብ ተቀምጣለች። «ርግብ እኮ ናት» ብዬ ተመልሼ ልተኛ ስል ግን አተኩሬ አየኋት። ጭንቅላቷ ፈዛዛ ሐምራዊ ነው። ደረቷ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ተረጭቶበታል። ክንፏ ጠርዝ ላይ ያለው ግራጫ ደግሞ ዝናብ ያዘለ ደመና ይመስላል። የከተማዋን ርግብ በየቀኑ እያየሁ የኖርኩ ሰው፣ ይህችን ከዚያ በፊት በደንብ አይቻት እንደማላውቅ ገባኝ።

እማማ (የጓደኛዬን አክስት እንደዚያ ነው የምጠራቸው) ጠዋት ሲያገኙኝ «እሷ እኮ ርግብ አይደለችም፤ ዋኖስ ናት» አሉኝ። ቋንቋችን ሁለቱን መለየቱ ደስ ይለኛል። ተለቅ ያለችውን፣ ጣራና ገደል የምትወደውን ርግብ እንላታለን። ቀጠን ያለችውን፣ ዛፍና ቁጥቋጦ የምትወደውን ዋኖስ። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ቤተሰቡ በዓለም ላይ ከ300 በላይ ዝርያ አለው። የከተማዋ ርግብ ገደል ላይ የምትኖረዋ የዱር ርግብ ዝርያ ናት። ፎቅ ላይ፣ መስኮት ጠርዝ ላይ የምትጎለተው ሌላ ምክንያት የላትም፤ ለእሷ ፎቁ ገደል ነው። ነጠብጣቧን ዋኖስ ደግሞ ከአፍሪካ እስከ ህንድ ድረስ ታገኟታላችሁ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ሳቂታዋ» ይሏታል። ያን ድምፅ የሰማ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

የተቀመጠችበት ነገር ጎጆ መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ጎጆ ለማለትም ያስቸግራል። ሃያ ሠላሳ ጭራሮ አንዱ በአንዱ ላይ ተጥሏል፣ በቃ። ከታች ሆኖ ቀና ላለ ሰው ሰማዩ በመሃሉ ይታያል። እላዩ ላይ ሁለት ነጫጭ እንቁላሎች አሉ። ዋኖሶች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው የሚጥሉት። ነፋስ ሲነሳ ዛፉ ከወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል፣ ጎጆውም አብሮ። እኔ ትንፋሼን ውጬ እመለከታለሁ፤ እሷ ዓይኗን እንኳን አትሰብርም።

ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ሌላ ዋኖስ መጣ። ቅርንጫፉ ላይ አርፎ፣ በእግሩ እየተራመደ ወደ ጎጆው ቀረበ። የተቀመጠችው ቀስ ብላ ተነሳች፤ ወደ ጎን ፈቀቅ አለችና በረረች። እሱ እንቁላሎቹን በምንቃሩ ትንሽ ነካ ነካ አድርጎ፣ ሆዱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ተቀመጠ። ሁሉም ነገር ያለ ድምፅ ነው የሆነው። እንደ ተረኛ ጠባቂ ፈረቃ ተቀያየሩ። ማታ ወደ 11 ሰዓት ገደማ እሷ ተመለሰች፤ ሌሊቱ የእሷ ሆነ። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። የዚህ ቤተሰብ ልማድ ነው፤ ቀኑን ወንዱ፣ ሌሊቱንና ማለዳውን ሴቷ ይታቀፋሉ።

ላባቸው ስለሚመሳሰል ማን ማን እንደሆነ መለየት ይከብዳል። እኔን ግን አንድ ነገር ረዳኝ። የወንዱ ጅራት መሃሉ ላይ ክፍት ነው፤ ሁለት ሦስት ላባ ጎድሎታል። እማማን ስጠይቃቸው ሳቁ። «ድመቷ ናት። ያዝኩት ብላ ዘለለች፤ አፏ ውስጥ ላባ ብቻ ቀረ» አሉ። የርግብና የዋኖስ ላባ ከቆዳው ጋር የላላ ነው፤ ሲያዙ በቀላሉ ይነቀላል። ላባው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይተካል። ነፍስ ግን አይተካም። ከዚያ በኋላ «ጎዶሎው» አልኩት፣ በፍቅር።

ከሰዓት በኋላ ውሃ ገንዳው አጠገብ መቀመጥ ጀመርኩ። ዶሮዎቹ ሲጠጡ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ምንቃራቸውን ይነክራሉ፣ ቀና ይላሉ፣ ውሃው በጉሮሯቸው እስኪወርድ ሰማዩን ያያሉ። አብዛኛው ወፍ እንደዚያ ነው። ዋኖሷ ግን ምንቃሯን ነክራ እዚያው ትቀራለች። ጭንቅላቷን ሳታነሳ ትምጋለች። ጉሮሮዋ ላይ የውሃው መንቀሳቀስ ይታያል፣ ልክ እንደሚጠጣ ፈረስ። ጠጥታ ለመሄድ ጥቂት ሰከንድ ይበቃታል። ገንዳ አጠገብ ድመት ላለባት ወፍ ጥቂት ሰከንድ ቀላል ነገር አይደለም።

ገንዳው ላይ ሌላም ዓይነት ይመጣል። ተለቅ ይላል፤ ከማጅራቱ በኩል ብቻ ግማሽ ክብ ጥቁር መስመር አለው፣ ማተብ ያሰረ ይመስላል። እነዚህ ባለ ማተቦች ሲጣሉ አየሁ። ርግብ ማለት የሰላም ምልክት ነው ተብሎ የተነገረው ሰው ይህን ጠብ ቢያየው ይደነግጣል። በክንፋቸው አጥንት ነው የሚማቱት፤ ጥፊው እኔ ድረስ ይሰማል። አንዱ የሌላውን ማጅራት በምንቃሩ ይዞ ገንዳውን አዞረው። ፈሪን ሰው ሐሞቱ ፈሰሰ እንላለን፣ ደፋሩን ሐሞተ ኮስታራ። የከተማዋ ርግብ እንግዲህ ጭራሽ የሐሞት ከረጢት የላትም፤ ሐሞቷ ከጉበቷ በቀጥታ ወደ አንጀቷ ነው የሚፈሰው። ሐሞት የሌላት የዋህ ወፍ የሚባለው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። የገንዳውን ጠብ ያየሁ እኔ ግን በዚህ አልስማማም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሳሎኑ መስታወት ላይ አንድ ነገር አገኘሁ። የተዘረጋ ክንፍ፣ ጭንቅላት፣ ደረት፤ በነጭ ዱቄት የተሳለ ሙሉ ወፍ። ላባዎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ርግብና ዋኖስ ላባቸውን የሚጠብቅ ረቂቅ ዱቄት አላቸው፤ መስታወት ሲገጩ ዱቄቱ ይታተማል። ሮጬ ወጥቼ ከመስኮቱ ሥር ፈለግኩ። ምንም የለም። ተነስታ ሄዳለች ማለት ነው፤ ወይም እንደዚያ እንዲሆን ፈለግኩ። ከእማማ ጋር ሆነን መስታወቱ ላይ ከውጭ በኩል ቀጫጭን ክሮች አንጠለጠልን። የሰማይና የዛፍ ነጸብራቅ ነው የሚያታልላቸው።

እማማ የዚያን ቀን «እነዚህ እኮ ሞልተዋል ልጄ፣ ማን ይቆጥራቸዋል?» አሉኝ። ያለ ክፋት ነው ያሉት። እኔ ግን የሰሜን አሜሪካዋ ተጓዥ ርግብ ትዝ አለችኝ። በቢሊዮን ትቆጠር ነበር። መንጋዋ ሲያልፍ ፀሐይ ለሰዓታት ይጋረድ እንደነበር ያዩት ሰዎች ጽፈዋል። ማን ይቆጥራታል ተባለ። በጥይትና በመረብ ተጨፈጨፈች፤ ሥጋዋ በባቡር ወደ ከተማ ተጫነ፤ መንጋው የት እንዳረፈ በቴሌግራፍ ይነገር ነበር፤ ደኑም ተመነጠረ። የመጨረሻዋ ማርታ ትባል ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1914 ሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ሞተች። ይህን ስነግራቸው እማማ ዝም አሉ። ቆይተው «አንድም አልተረፈ?» አሉ።

ሁሉም ግን እንደዚያ አይደለም። ባለ ማተብ ከሆኑት ዘመዶቻቸው አንዷ ከእስያ ተነስታ ባልካን ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ አውሮፓን በጥቂት አሥርተ ዓመታት አዳርሳለች። እ.ኤ.አ. በ1955 እንግሊዝ ገብታ ጎጆ ሠራች። ማንም አልወሰዳትም፤ በራሷ ክንፍ ነው የሄደችው። በአንጻሩ አውሮፓ ተፈልፍላ የብርዱን ወራት ከሰሃራ በታች የምታሳልፈው ዋኖስ እየተመናመነች ነው። አረሟንና ዘሯን እርሻው ወሰደባት፤ መንገዷ ላይ አዳኝ ይጠብቃታል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ናት። አንዷ ስትስፋፋ ሌላዋ ታልቃለች። ከሩቅ ላያቸው ሰው ሁለቱም «ርግብ» ናቸው።

በአራተኛው ቀን ከዛፉ ሥር ግማሽ የእንቁላል ቅርፊት አገኘሁ። ከጥፍሬ ብዙም አይበልጥም። ተፈልፍለዋል! ማንም አጠገቤ ስለሌለ ለዶሮዎቹ ነገርኳቸው።

በማግስቱ አቅራቢ መነጽሬን መስኮቱ ላይ ደግፌ ጠበቅኩ። ጫጩቶቹ ዓይናቸው አልተከፈተም፤ ቢጫ ፀጉር የመሰለ ነገር ጣል ጣል ብሎባቸዋል። እናትየው አፏን ከፈት ስታደርግ አንዱ ምንቃሩን ወደ ውስጥ ሰደደ። አንገቷ ወደ ላይ ወደ ታች ይል ጀመር። ወተት እየሰጠችው ነው። ጉሮሮዋ ሥር ያለው የእህል ከረጢት ግድግዳው ወፍሮ እየተላጠ፣ አይብ የመሰለ ስብና ፕሮቲን ያመነጫል። አባትየውም ያመነጫል፣ እኩል። ይህን የሚያስጀምረው ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ነው፤ የሰው እናት ጡት ውስጥ ወተት የሚሠራው ያው ራሱ። ስሙን ያገኘውም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ኦስካር ሪድል ርግቦችን ሲያጠና ነው። ጫጩቶቹ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከዚህ ወተት ሌላ ምንም አይቀምሱም።

ያ ቀን የመመለሻዬ ቀን ነበር። አውቶቡሱ 6 ሰዓት ላይ ነው የሚያልፈው፤ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ አለ። ሻንጣዬን አሰናድቼ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩ። 4 ሰዓት ሆነ፤ ጎዶሎው የለም። አሥር ደቂቃ አለፈ። ሃያ። ድመቷ አጥሩ ላይ ተጋድማለች። እማማ መጥተው «ልጄ ያመልጥሃል» አሉ። «እሺ እማማ፣ አሁን» አልኩ። እሳቸውም አልሄዱም፤ አጠገቤ ቆመው ከእኔ ጋር ወደ ዛፉ አዩ።

ክንፍ ሲያጨበጭብ ተሰማ። ቅርንጫፉ ረገብ አለ። ያ መሃሉ የተከፈተ ጅራት ወደ ጎጆው ተራመደ፤ እሷ ፈቀቅ አለች። ሻንጣዬን አነሳሁ።