የሌሊት ወፍ ጆሮ ላይና ታችን እንዴት ይለያል? በወረቀት ጥቅልል መሞከር ይቻላል

አራት ኪሎ ታክሲ መያዣው ላይ ዓይን ጨፍኖ መቆም ጥሩ ፈተና ነው። ወያላው «ቦሌ! ቦሌ!» ሲል ከግራ ይሁን ከቀኝ ወዲያው ይታወቃል። ከፎቅ ላይ የሚጣራ ሰው ሲኖር ግን ቀና ብለን መስኮቱን ሁሉ ማሰስ ይቀናናል። ግራና ቀኝን ሁለቱ ጆሮዎች የሰሙትን አነጻጽረው ይለያሉ። ላይና ታችን ግን በዋናነት የሚለየው የእያንዳንዱ ጆሮ ቅርጽ ነው። የሌሊት ወፍ ጆሮ ያን ያህል የተወሳሰበ ቅርጽ የያዘው ለዚህ ይመስለኛል፤ «ጆሮዋ ትልቅ የሆነው በደንብ እንድትሰማ ነው» የሚለው መልስ ግማሹን ብቻ ነው የሚነግረን።

ስሟም ያሳስታል። ወፎች እንዲህ ያለ የውጭ ጆሮ የላቸውም፤ የአንዳንድ ጉጉቶች «ጆሮ» እንኳ ላባ ነው። የሌሊት ወፍ አጥቢ ናት።

ከግራና ቀኝ እንጀምር። ከጎን የመጣ ድምፅ የሰውን ቅርቡን ጆሮ ከሩቁ በ600 ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ገደማ ቀድሞ ይደርሳል። በሁለት ጆሮዎቿ መካከል 1.5 ሴንቲሜትር ርቀት ያላት የሌሊት ወፍ ግን የምታገኘው ልዩነት 45 ማይክሮሰከንድ አካባቢ ነው። ስለዚህ ይበልጥ የምትደገፈው በድምፁ ጉልበት ልዩነት ላይ ነው። የ50 ኪሎኸርዝ ድምፅ፣ ማለትም ድግግሞሹ በሰከንድ 50 ሺህ ርግብግቢት የሆነ ድምፅ፣ የሞገድ ርዝመት 6.8 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ጭንቅላቷም ጆሮዋም ጥላ ይጥሉበታል።

የጆሮው አፍ ስፋት የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። 1 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው አፍ በ50 ኪሎኸርዝ በግምት 40 ዲግሪ፣ በ100 ኪሎኸርዝ ደግሞ 20 ዲግሪ ያህል ወርድ ካለው አቅጣጫ የሚመጣውን አጉልቶ ይቀበላል። በ10 ኪሎኸርዝ ግን የሞገዱ ርዝመት ከአፉ ሦስት እጥፍ ስለሚበልጥ ከየትም ቢመጣ ለውጡ ትንሽ ነው። ያው አንድ ጆሮ ለቀጭን ድምፅ ጠባብ፣ ለወፍራም ድምፅ ሰፊ ነው ማለት ነው።

ላይና ታች ላይ ዋናዋ ተዋናይ ትራገስ ናት፤ በጆሮው ቀዳዳ ፊት የቆመች ትንሽ ልሳን። ድምፅ በቀጥታም ይገባል፣ በትራገሷና በጆሮው ግድግዳ ነጥሮ ትንሽ ዘግይቶም ይገባል። የዘገየው በ10 ማይክሮሰከንድ ከሆነ ተጨማሪው መንገድ 3.4 ሚሊሜትር ነው፤ ይህም የ50 ኪሎኸርዝ ሞገድ ግማሽ ስለሆነ ሁለቱ እዚያ ድግግሞሽ ላይ ይጠፋፋሉ። የድምፁ ምንጭ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል መዘግየቱ ስለሚቀየር የጠፋው ድግግሞሽም ቦታውን ይለውጣል። የሌሊት ወፏ ከፍታውን የምታነበው ከጎደለው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በታተመ ሙከራ ትልቋ ቡናማ የሌሊት ወፍ በቁመት የ3 ዲግሪ ያህል ልዩነት ትለይ ነበር፤ ትራገሷ ከቦታዋ ዞር ተደርጋ ስትጣበቅ ግን ቢያንስ 12 ዲግሪ አስፈለጋት።

ባለ ፈረስ ኮቴ አፍንጫ የሚባሉት የሌሊት ወፎች ትራገስ የላቸውም። ማሚቶውን እየሰሙ አካባቢያቸውን የሚለዩበት ጩኸታቸውም በአብዛኛው አንድ ድግግሞሽ ላይ የቆመ ስለሆነ የሚነበብ ጉድለት እምብዛም አይገኝበትም። እነሱ ጆሮአቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ በጩኸቱ ልክ አንዱ ወደ ፊት ሲሄድ ሌላው ወደ ኋላ። ጆሮአቸው እንዳይንቀሳቀስ ሲደረግ በአግድም የተዘረጋ ሽቦ ማለፍ ይቸግራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከባሌ ተራሮች የተገለጸችው ባለ ረጅም ጆሮ የሌሊት ወፍ ዘመዶች ደግሞ ረጅሙን ጆሮ ቅጠል ላይ የሚንኮሻኮሽ ነፍሳት ለመስማት ይጠቀሙበታል።

አሁን ወደ ሙከራው። እንስሳዋን አትያዙ፤ ንክሻዋ የእብድ ውሻ በሽታን ሊያስተላልፍ ይችላል። ርዝመቱን ሁሉ በ10 እናባዛው፤ ጆሮው 15 ሴንቲሜትር ርዝመት ሲኖረው የሞገዱም ርዝመት 10 እጥፍ ስለሚሆን 50 ኪሎኸርዝ ወደ 5 ኪሎኸርዝ ይወርዳል፤ ይህን የስልክ ማይክ ይይዘዋል። ለውዝ ሻጮች እንደሚጠቀልሉት አድርጋችሁ ወፍራም ወረቀት ጠቅልሉ፤ አፉ 10፣ ጫፉ 1 ሴንቲሜትር ይሁን። ስስ ወረቀት ድምፅ ስለሚያሳልፍ ሁለት ድርብ አድርጉት። አፉን በሰያፍ ቁረጡ። ጫፉን በስልኩ ማይክ ላይ አድርጋችሁ ዙሪያውን በፕላስተር ድፈኑ፤ ቀዳዳ ከቀረ ከጎን የሚገባው ድምፅ ልኬቱን ያበላሻል። ሌላ ስልክ 2 ሜትር ርቀት ላይ፣ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ 5 ኪሎኸርዝ አጫውቱ። ከ0 እስከ 90 ዲግሪ በየ15 ዲግሪው አዙራችሁ ዴሲቤሉን መዝግቡ፣ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ። በ1 ኪሎኸርዝ ስትደግሙት ለውጡ በጣም ያንሳል።

የምታዞሩት ጆሮውን እንጂ የሚያጫውተውን ስልክ አይሁን፤ የስልክ ድምፅ ማውጫ ራሱ በከፍተኛ ድግግሞሽ ወደ አንድ ወገን ያደላል። የተለመደው የድምፅ መቅጃ ደግሞ ደካማውን አጉልቶ ኃይለኛውን አሳንሶ ስለሚያስተካክል ልዩነቱን ይበላዋል፤ ዴሲቤል የሚያሳይ መተግበሪያ ጫኑ። ቤት ውስጥ ከግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ ስልኩን 2 ሴንቲሜትር ባነቃነቃችሁ ቁጥር ንባቡን ያዘልለዋል። ጋቢ ከኋላ መስቀል ይረዳል፤ የተሻለው ግን ግድግዳ የሌለው ጣሪያ ላይ፣ ታክሲው ሳይበዛ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መሥራት ነው። ክረምት ላይ አይሞከርም፤ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሌላ ድምፅ አይሰማም።

ለትራገስ 6 በ2 ሴንቲሜትር ካርቶን ከአፉ ግርጌ ፊት ለፊት አቁሙ። አሁን በአንድ ድግግሞሽ ፋንታ እንደ ቧንቧ ውኃ ሹ የሚል ድምፅ (white noise) አጫውቱና በድግግሞሽ ዘርዝሮ የሚያሳይ መተግበሪያ ክፈቱ። ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ታች ስታዘነብሉ በመስመሩ ላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ መንሸራተት አለበት። ካልተንሸራተተ ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ወደ ውስጥ ገብቷል ወይም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ 2 ሴንቲሜትር ወደ አፉ ሳቡትና ድገሙት።